ጣሳ የተሰቀለበት ደጅ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ያለው የጠመቃ ሀብት

ክራፍት ቢራ የሚባለው ነገር በዓለም የተስፋፋው ሰው የፋብሪካ ቢራ አጥቶ አይደለም፤ አንድ ዓይነት የፋብሪካ ቢራ ስለበዛበት ነው። በአሜሪካ ለራስ የሚሆን ቢራ በቤት መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ የፈቀደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በዚያች ሰፊ አገር የቀሩት የቢራ ፋብሪካዎች መቶ አይሞሉም ነበር። የሚጠምቁትም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ቢራ ነበር። ዛሬ ቁጥራቸው ከ9,000 በላይ ደርሷል፤ ብዙዎቹም የጠመቁትን እዚያው ደጃቸው ላይ የሚሸጡ ትናንሽ ቤቶች ናቸው። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ጠጪዎች ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው፣ በርሜል ውስጥ እየፈላ የሚቀርበው የጥንቱ ቢራ እንዳይጠፋ ታግለዋል። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ነገር ሲጠቃለል ቀላል ነው፦ እዚያው ቦታ የተጠመቀ፣ ጠማቂው ማን እንደሆነ የሚታወቅ፣ ሳይቆይ የሚጠጣ፣ ከጎረቤት ቤት መጠጥ በጣዕም የሚለይ ቢራ። ይህ መለኪያ ከተያዘ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው አምቦና በዚያው መንገድ ላይ ያሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሌላው ዓለም በብዙ ድካምና ገንዘብ መልሶ ያገኘውን ነገር ጨርሶ አላጡትም። ጠላ ቤቶቻቸው አሉ። የጎደለው መጠጡ አይደለም፤ ለጠማቂዋ የሚገባት የሥራ ቦታ፣ ንጹሕ ውሃና እውቅና ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርበት ነጥብ ይኸው ነው።

ክርክሩ የሚያስፈልገው፣ በአንድ ከተማ ስለ አነስተኛ ጠመቃ ሲወራ ወዲያው ወደ አእምሮ የሚመጣው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ጋን፣ ከውጭ የገባ ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው ተክል)፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመጠጥ ዝርዝር። አዲስ አበባ ይህን ዓይነቱን ታውቀዋለች። ቦሌ የሚገኘው ቢር ጋርደን በጀርመን ዘዴ የሚጠምቀውን ነጣ ያለ ብሎንዲና ጠቆር ያለ ኤቦኒ እዚያው ለደንበኛው ያቀርባል፤ ጥሩ ቢራ ነው፣ ገበያም አለው። አምቦ ላይ ግን ይህን መገልበጥ ሌላ ሂሳብ ነው። ዕቃው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፣ መለዋወጫውም እንደዚያው፤ ያንን ወጪ መልሶ ለማግኘት አንዱ ብርጭቆ የሚሸጥበት ዋጋ ከመምህሩና ከጋሪ ነጂው አቅም በላይ ይሆናል። በከተማዋ ድራፍት ቤቶች የሚቀዳው ጃምቦም ቢሆን ከሌላ ቦታ በመኪና የመጣ ነው። የፋብሪካ ቢራችን ታሪክ በ1915 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ይጀምራል፤ እሱን እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ገዛው፤ ሐረርና በደሌን እ.ኤ.አ. በ2011 ሃይኒከን ያዛቸው፤ የሰበታውን ሜታ አቦን በ2012 ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ሜታም ወደዚያው ወደ ካስቴሉ ቢጂአይ ተዛወረ። ይህን የምዘረዝረው ባለሀብትን ለመክሰስ አይደለም። እነዚህ ፋብሪካዎች ሥራ ፈጥረዋል፣ የገብስ ገበያም ከፍተዋል። ነገር ግን ባለቤትነቱ በጥቂት እጅ እየተሰበሰበ ሲሄድ በጠጪው ፊት የሚቀርበው ጣዕምም እየተቀራረበ ይሄዳል፤ ከመለያው በስተቀር አንዱን ጠርሙስ ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል፤ ጠላ ቢራ አይደለም የሚል። ቢራ ማለት ከበቀለ እህል የወጣ ስኳር በእርሾ ፈልቶ የሚገኝ፣ መራራነት ባለው ተክል የሚቀመም መጠጥ ከሆነ፣ ጠላን ከዚህ ትርጉም ማስወጣት አይቻልም። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ጠማቂዋ መጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥበዋለች፤ ሲደርቅ የወይራ ጭስ ታገባበትና አፉን ትከድነዋለች። ይህ ለሽታ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ጭሱ በሸክላው ቀዳዳዎች የተደበቁትን መጠጥ አበላሺ ተሕዋስያን ያዳክማል። ቀጥሎ የተወቀጠ የገሾ ቅጠል በውሃ ተነክሮ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ጥንስሱ ይኼ ነው። በእሱ ላይ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመራል፤ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ሲቀይር፣ ከገሾውና ከጋኑ የመጣው እርሾ ስኳሩን መብላት ይጀምራል። ከዚያ የገሾው እንጨትና የተቆላው አሻሮ ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ ጋኑ ታሽጎ ለቀናት ይተዋል፤ በመጨረሻ ውሃ ተጨምሮበት፣ አድሮ ተጠልሎ ይቀርባል። በአሻሮው አቆላል ቀለሙ ከወርቃማ እስከ ጥቁር ይሄዳል። የአልኮል መጠኑ በተለምዶ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ወፈር ተደርጎ የተጠመቀና የተጣራ ሲሆን 5 እና 6 ይደርሳል። አንድ የቤልጅየም ጠማቂ ይህን ሂደት ቢያይ ግር አይለውም፤ ብራስልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባለው ዝነኛ ቢራ የሚፈላው ማንም ባልጨመረው፣ ከአየርና ከበርሜሉ በመጣ እርሾ ነው፤ ለእሱ የሚከፈለውም ዋጋ ከተራ ቢራ የበለጠ ነው።

ገሾውስ? ሆፕስ የሌለበት መጠጥ እንዴት ቢራ ይባላል የሚል ሰው የአውሮፓን ታሪክ ቢመለከት ይበጃል። ሆፕስ እዚያ የበላይነት ከመያዙ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ቢራ የሚቀመመው በየአካባቢው በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ነበር። ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ውጭ ምንም እንዳይገባበት ያዘዘው የባቫርያ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1516 ነው፤ እሱም የእህል ዋጋንና ግብርን ታሳቢ ያደረገ እንጂ የቢራን ምንነት ለዘለዓለም የወሰነ አልነበረም። የገሾ መራራነት ከየት እንደሚመጣም በኬሚስትሪ ተጠንቷል፤ ጌሾይዲን የተባለ ውሁድ ከእሱ ተለይቶ ወጥቷል። ከዚህ ይልቅ ለእኔ ከባዱ የታሪክ ትምህርት ሌላ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ቢራ መጥመቅ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር፤ እያንዳንዷ በቤቷ እየጠመቀች ትርፉን ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። ሆፕስ መጥቶ ቢራው ሳይበላሽ መቆየትና ርቆ መጓዝ ሲችል፣ ትልቅ ዕቃና ትልቅ ካፒታል ያለው አሸነፈ፤ ሴቶቹ ቀስ በቀስ ከሙያው ተገፉ። ሙያው አደገ፣ ባለሙያዋ ግን ጠፋች። አምቦ ላይ ይህ ታሪክ መደገም የለበትም።

የምዕራብ ሸዋ ጠመቃ የሚያስገርመው በልዩነቱ ነው፤ ልዩነቱም ከመሬቱ አቀማመጥ የሚመነጭ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን፣ ኢጃጂንና ባኮን ያያይዛል። መንገዱ ወጣ ገባ ነው። አምቦ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዝቅ ትላለች፤ ጌዶ እንደገና ደጋ ትሆናለች፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ወደ 1,650 ሜትር ወደ ባኮ ያወርዳል። በደጋዎቹ በጀልዱና በደንዲ ገብስ ንጉሥ ነው፤ ወደ ባኮ ሲወረድ በቆሎና ማሽላ ይተካሉ፤ ብሔራዊው የበቆሎ ምርምር ማዕከል ባኮ ላይ የተተከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጠላ የሚጠመቀው በተገኘው እህል ስለሆነ፣ አንድ ተጓዥ በዚህ መንገድ ሲወርድ እህሉ ከሥሩ ይለዋወጣል፤ በጣሳው ውስጥ ያለውም አብሮ ይለወጣል። በዚህ ላይ የባህሉ ልዩነት ይጨመራል። ስለ ጠላ የተጻፉ ጥናቶች የጉራጌው በቅመም እንደሚታጀብ፣ የአማራው በገሾ እንደሚጠነክር፣ በኦሮሞ ዘንድ ፈርሶ የሚባለው ደግሞ ገሾ ሳይገባበት ወፈርና ጣፈጥ የሚልበት አሠራር እንዳለው ይመዘግባሉ። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች እነዚህ እጆች የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ፈርሶ ያለ ሠርግ፣ ፈርሶ ያለ ደቦ በማይታሰብበት ገጠር መካከል የበቀሉ ከተሞች ስለሆኑ የጠላ ቤቱ ደንበኛ ጣዕም ያውቃል፤ የቀጠነውንና የኮመጠጠውን አንዴ ቀምሶ ይለያል።

የእህሉ ነገር ከዚህም ይሰፋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ዞሮ ሲያይ በገብስ ዓይነቶቿ ብዛት ተደንቆ፣ አገሪቱን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ፣ ከቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚከላከል ዘረመል በካሊፎርኒያ ገብስ ውስጥ ገብቷል። በአውሮፓ ለቢራ የሚዘሩ ብዙ የገብስ ዝርያዎችን ዱቄት መሰል ከሆነው የቅጠል በሽታ የሚጠብቃቸው ዘረመልም የተገኘው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ አገር ተሰብስቦ ከተወሰደ የገበሬ ገብስ ነው። እንግዲህ በሙኒክ ወይም በአምስተርዳም ከሚጠጣው ቢራ ጀርባ የኢትዮጵያ ገበሬ ድርሻ አለ። ሆለታ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ እነ ሆልከርን፣ ከዚያም ቆየት ብሎ እንደ ኤችቢ 1963 ያሉትን የቢራ ገብስ ዝርያዎች ለገበሬው ያደረሰ ተቋም ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ደጋዎች የሚወጣው የቢራ ገብስ መንገዱ አንድ ነው፤ ተጭኖ ወደ ብቅል ፋብሪካ፣ ከዚያ ወደ ቢራ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚመጣው በጠርሙስ ነው። በእህሉና በጠርሙሱ መካከል ያለው ትርፍ ከዞኑ ውጭ ይቀራል። ጠላ ቤቷ ግን ገብሱን ከአምቦ ገበያ ትገዛለች፣ እዚያው አብቅላ፣ እዚያው ቆልታ፣ እዚያው ትሸጣለች።

ይህ የገንዘብ ዝውውር ከውጭ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ገሾውን ከጓሮው ቆርጦ የሚያመጣ ገበሬ አለ፤ ብቅል አብቅላ የምትሸጥ ሌላ ሴት አለች፤ ጋን ሠሪዋ አለች፤ ማገዶ የሚያመጣው አለ። ጠላው ተጠልሎ የሚቀረው አተላ እንኳ አይደፋም፤ ላም የሚያልቡና በሬ የሚያደልቡ ሰዎች በባልዲ እየገዙ ይወስዱታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠላ መጥመቅ ያለ ትምህርት ማስረጃ፣ ያለ ብድር፣ ቤት ሳይለቁና ሕፃን ሳይተዉ የሚጀመር ሥራ ነው። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች፣ ከገጠር የተሰደደች ሴት በከተማ ውስጥ ለመቆም የምትይዘው የመጀመሪያው ነገር ብዙ ጊዜ ይኼው ጋን ነው። ስንት ልጅ በጠላ ገንዘብ ተምሮ መምህር፣ ነርስ፣ መሐንዲስ እንደሆነ በየቤቱ ይታወቃል። ይህ ሙያ ግን እስከ ዛሬ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ "ጠላ ሻጭ" የሚለው ስም ከንፈር ተመጦ የሚነገር ነው። ይህ ትልቅ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጠላ ቤት ምልክቱ ይታወቃል፤ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ደጅ ላይ ይሰቀላል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ከወረደ አልቋል። ይህን ምልክት እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ሰው፣ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊት ጠማቂም ቢራዋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ከደጇ ታወጣ እንደነበር፣ በፔሩ ተራሮችም የበቆሎ ጠላ የሚሸጥበት ቤት እስከ ዛሬ ቀይ ጨርቅ ወይም ፌስታል በረጅም እንጨት ላይ እንደሚሰቅል ማወቅ አለበት። በሦስት አህጉራት ያሉ ሴቶች ሳይማከሩ አንድ ዘዴ ላይ የደረሱት የሚሸጡት ነገር ተፈጥሮ አንድ ስለሆነ ነው፤ ትኩስ መጠጥ ነው፣ ሲደርስ መጠራት፣ ሲያልቅ መዘጋት አለበት። ውስጥ ሲገባም ቤቱ የመኖሪያ ቤት ነው። ደንበኛው መደብ ላይ ወይም አግዳሚ ወንበር ላይ ካልተዋወቀው ሰው ጎን ይቀመጣል፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ያወራሉ። ጠማቂዋ እዚያው ስላለች ጠላው ከጎመዘዘ የሚነገራት ፊት ለፊት ነው። የዓለም ክራፍት ቢራ ቤቶች ረጅም የጋራ ጠረጴዛ እያሠሩ ሊፈጥሩት የሚደክሙለት መንፈስ ይህ ነው።

በአካባቢው ስም የመነገድ ዕድልም አለ፣ ያውም ከጠላ አልፎ። አምቦ ውሃ በጠርሙስ መሸጥ ከጀመረ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ኢትዮጵያዊ በሄደበት ሁሉ የከተማዋ ስም ከዚያ ጠርሙስ ጋር ይታወሳል። የጉደር ስምም በቀይ ወይን ጠርሙስ ላይ አገር አዳርሷል። ሆለታ ላይ የአገሪቱ ዋነኛ የንብ ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ በደንዲና በወንጪ ዙሪያ ያሉት ደጋዎች ማር ይሰጣሉ፤ ማር ባለበት ደግሞ ጠጅ አለ። የሚያሳዝነው ግን በብዙ ጠጅ ቤቶች ማሩ በስኳር እየተተካ፣ ቀለሙ በሌላ ነገር እየተሠራ መምጣቱ ነው። ማሩን በሙሉ ጠጅ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ከስኳሩ ጠጅ የሚለይበት ምንም ማረጋገጫ ስለሌለው በዋጋ ይሸነፋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማምታ የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን የቡና ስሞች የራሷ ንብረት ማድረጓን አስከብራለች። የአንድ ቦታ ስም ዋጋ እንዳለው ካመንን፣ በንጹሕ ማር ለተጣለ የወንጪ ጠጅ ወይም ለጀልዱ የገብስ ጠላ ስም መስጠትና ስሙን መጠበቅ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንሂድ፤ የጤናው ጉዳይ። ጠላ መርዝ ነው፣ ሜታኖል አለበት የሚለው ወሬ በብዛት ይሰማል። ሜታኖል በዋናነት የሚመነጨው በፍራፍሬና በዕፅዋት ውስጥ ካለው ፔክቲን ነው፤ ከእህል በሚፈላ መጠጥ ውስጥ የሚገኘው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። አደጋው የሚያይለው መጠጡ ሲነጠርና ከፊሉ ሲጠራቀም፣ ወይም ደግሞ ኅሊና የሌለው ነጋዴ የኢንዱስትሪ አልኮል ሲቀላቅል ነው። ስለዚህ የአረቄን አደጋ በጠላ ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም። ይህን ማለት ግን ጠላ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እውነተኛ ድክመቶች አሉት፣ መደበቅም አይገባም። አንደኛውና ዋናው ውሃው ነው። ድፍድፉ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው ውሃ ብዙ ጊዜ ሳይፈላ ስለሚገባ፣ ከዚያ በኋላ የሚገድለው ነገር የለም፤ የጉድጓድ ወይም በጀሪካን የተቀመጠ ውሃ ከሆነ በሽታ ይዞ ይገባል። ሁለተኛው ሻጋታ ነው፤ በእርጥብ ቦታ የተቀመጠ እህልና በደንብ ሳይደርቅ የተፈጨ ብቅል የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል፣ ይህን መርዝ ደግሞ ጥመቃው ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሦስተኛው ጣሳው ነው፤ አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ እየተነከረ ለሃያ ሰው የሚዞር ጣሳ ታጥቧል አይባልም። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም የጠላ ባሕርይ አይደለም። ሦስቱም የቧንቧ፣ የመጋዘንና የማጠቢያ ጉዳይ ናቸው፤ በገንዘብ የሚፈቱ፣ ያውም በትንሽ ገንዘብ።

ሌላው ተቃውሞ ከሥነ ምግባርና ከእምነት ይመጣል፤ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከድህነት ለመውጣት በሚታገሉበት ጊዜ መጠጥን ማበረታታት ምን ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በአካባቢው መጠጥ የማይነኩ ብዙ ፕሮቴስታንቶችና ሙስሊሞች አሉ፤ ከመጠጥ የተነሳ የፈረሰ ትዳርም በየሰፈሩ አለ። መልሴ ጠላ ቤት ይብዛ የሚል አይደለም። ያለው ይሻሻል የሚል ነው። ጠላ ቤቱ ቢዘጋ ጠጪው ወደ ቤቱ ይሄዳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው፤ በዚያው ገንዘብ ፈጥኖ የሚያሰክረውን ይፈልጋል፣ እሱም 40 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያለው አረቄ ነው። 3 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በወግ ተቀምጠው ሲጠጡት ሰዓት ይወስዳል፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው "ይብቃህ" ለማለትም ጊዜ ያገኛል። ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይህን በተመዘገበ ጠላ ቤት ማስከበር ይቻላል፤ ተደብቆ በሚሸጥ ቤት ግን አይቻልም። ለማይጠጣውም ቢሆን እነዚሁ እጆች ብርዝ ማዘጋጀት ያውቃሉ፤ ከተቆላ ገብስ ቀሪቦ መሥራትም ይችላሉ። የጠመቃ ሙያ የስካር ሙያ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ለማይጠጣው ሰው የሚሆነውን መጠጥም አብሮ ጎድቶታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ግን ከጠላ ወዳጆች የሚመጣው ነው፤ መንግሥት እጁን ካስገባ ጠላ ቤቷን ይገድላታል የሚለው። ታሪክ ይህን ፍርሃት ያጸናዋል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ ሕግ የአፍሪካውያንን ባህላዊ ቢራ የመጥመቅና የመሸጥ ብቸኛ መብት ለከተማ ምክር ቤቶች እንዲሰጥ ፈቀደ፤ የደርባን ከተማ ይህን ተጠቅማ የራሷን ቢራ አዳራሾች ከፈተች፣ በትርፉም የአፓርታይድ መሠረት የሆነውን አስተዳደር አቋቋመች፤ በቤታቸው የሚጠምቁ ሴቶች ወንጀለኛ ሆኑ። በ1959 በዚያችው ደርባን በኬቶ ማኖር ሴቶች ወጥተው የቢራ አዳራሾቹን ያጠቁት ለዚህ ነው። ስለዚህ ጠማቂዋን በአንድ ጊዜ ከፋብሪካ ደረጃ እኩል ፈቃድ፣ ላቦራቶሪና ግብር መጠየቅ፣ ቃሉ ቢለሰልስም ውጤቱ ያው ነው፤ ሥራው ገንዘብ ወዳለው ሰው ይዛወራል። ጥያቄው መንግሥት ይግባ ወይስ አይግባ አይደለም፤ በምን መልክ ይግባ ነው።

ለዚህ የማየው ጥሩ ምሳሌ በምሥራቅ ባቫርያ፣ ኦበርፕፋልዝ በሚባለው አካባቢ ያለው ዞይግል ነው። እንደ ቪንዲሽኤሸንባኽና ኤስላርን ባሉ ትናንሽ ከተሞች ከተማው አንድ የጋራ ጠመቃ ቤት አለው። የመጥመቅ መብት ያላቸው ቤተሰቦች ተራ ይዘው እዚያ ብቅላቸውን ያፈላሉ፤ ከዚያ ፈሳሹን ወደየቤታቸው ወስደው በራሳቸው ምድር ቤት፣ በራሳቸው መንገድ ያብላሉታል። ቢራው ሲደርስ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ በደጃቸው ይሰቅላሉ፤ በራሳቸው ሳሎን ይሸጣሉ። ይህ አሠራር ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የዘለቀ ነው። እሳት፣ ውሃና ትልቅ ዕቃ የሚፈልገው ክፍል የጋራ ሆነ፤ ጣዕሙ፣ ቤቱና ትርፉ የግል ሆኖ ቀረ። ለአምቦ ይህ ከማንኛውም የብረት ጋን ይበልጥ ይስማማታል። በአንድ ቀበሌ አንድ የጋራ ቤት ይታሰብ፤ የቧንቧ ውሃና ውሃ ማፍያ፣ ጭሱ ዓይን የማያጠፋ የአሻሮ መቁያ ምድጃ፣ ብቅል የሚደርቅበት አልጋ፣ እህል ከመሬት ተነስቶ የሚቀመጥበት መጋዘን ይኑረው። ጠማቂዋ ጥንስሷንና ጋኗን በቤቷ ትይዛለች፤ ውሃውንና ምድጃውን በተራ ትጠቀማለች፤ ለአገልግሎቱም ትንሽ ትከፍላለች። ተቆጣጣሪውም መቶ ጓዳ ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ የሚመረምረው አንድ ቤት ነው።

የቀረው ተቃውሞ ቀላል ነው፤ ጠላ አይታሸግም፣ አይቆይም፣ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ስለዚህ አያድግም ይላል። አለመቆየቱ እውነት ነው። ግን ዕድገት ሁሉ ርቆ መሸጥ አይደለም። ርቆ የማይሄድ መጠጥ ጠጪውን ወደ ራሱ ይጠራል፤ ወደ ወንጪ ሐይቅና ወደ ደንዲ የሚያልፈው ጎብኚ ዛሬ አምቦ ላይ የሚያቆመው ለውሃውና ለምሳ ብቻ ነው። አንዱ ጠላ ቤት ከሌላው መለየቱ ደግሞ ጉድለት ሳይሆን ሀብቱ ነው። የሚጎዳው በአንዱ ቤት ውስጥ ዛሬ ጥሩ፣ ነገ መጥፎ መሆኑ ነው፤ እሱም በንጹሕ ውሃና በደረቀ ብቅል ብዙው ይስተካከላል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እውቀት ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ውስጥ አለ፤ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት የማሞ መዘምር ካምፓስ ጉደር ላይ ነው፤ ሆለታ በገብስና በማር፣ ባኮ በበቆሎ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተመራምረዋል። የአምቦ ከተማ አስተዳደር ለአንድ የጋራ ጠመቃ ቤት የሚሆን ቦታና የውሃ መስመር ይስጥ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ልኮ ውሃውንና ብቅሉን ይመርምር፣ የጠማቂዎቹንም አሠራር በስማቸው ይመዝግብ። ጠማቂዎቹ ማኅበር ሲመሠርቱ ደንቡን ራሳቸው ያርቅቁት፤ ፈቃዱም በእነሱ ስም ይውጣ እንጂ በሌላ ባለሀብት ስም አይውጣ። ሥራው በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ምድጃና በአንድ ቧንቧ ሊጀመር ይችላል።